አማቴ ሳሎን፣ እኔ ጓዳ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ላሊበላ ከሰባት ወይራ ሆቴል ወደ ታች በባጃጅ ስወርድ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አስቁመው አጠገቤ ተቀመጡ። ነጠላቸው የባሕር ዛፍ ቅባት ይሸታል፤ ያ ለቁርጥማት የሚቀቡት፣ አፍንጫ ገብቶ ዓይን የሚያስነባው። ሳላስበው እግሬን ሰበሰብኩ፣ ኮቴን ቆለፍኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አደረግኩ። ሴትዮዋ «ምነው ጌታዬ፣ አጣበብኩዎት እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ይደላደሉ እማማ» ብዬ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ። ጆሮዬ ድረስ ግሎኝ ነበር። ስድሳን ያለፈ ሰው በቅባት ሽታ እንዲህ ያፍራል? እኔን ግን ያሳፍረኛል። ከጥቂት ክረምት በፊት ያ ሽታ ሳሎኔን ሞልቶት ነበር። ሽታው የአማቴ፣ የእማማ ደብሪቱ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ ኋላ ራቅ ማለት አለብኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሆቴል ውስጥ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሜ ነው። ወጣት ሆኜ ስቀጠር ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣ ነበር። መንገዱ ጥግ ላይ የነበረው የካሴት ሱቅ ከጠዋት እስከ ማታ በክራር ያንጎራጉር ነበር፤ አዲስ ካሴት የወጣ ቀን ባለሱቁ ድምፁን ስለሚለቀው ከእንግዳ ጋር እየተጯጯህን ነበር የምናወራው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ቀይ ከረባት እለብሳለሁ። ኮቴን የገዛሁት ከቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ነው፤ የውስጥ ኪሱ ላይ የማላውቀው ፈረንጅ ስም በክር ተጠልፎበት ነበር። ልብስ ሰፊው ትከሻውን አጥብቦ ሰጠኝና ለሠርጌም እሱን ለበስኩ። በገና ሰሞን እንግዳው ከመብዛቱ የተነሳ ፈረንሳዮችን የምግብ አዳራሹ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን አስተኝተናል። ጠዋት ዳገቱን ስወጣ ባለሱቆቹ «ሲሳይ ሥራ ገባ» እያሉ በራቸውን ይከፍቱ ነበር። ሰው መሆኔን የማውቀው በዚያች መንገድ ላይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያ ሁሉ ቀረ። መጀመሪያ በሽታው መጣ ተባለና አውሮፕላኑ ባዶውን ይመላለስ ጀመር፤ በሽታው ሳይወጣ ጦርነቱ ተከተለ። ስለዚያ የሚያወሩ ብዙ አሉ። እኔ የማስታውሰው ዘበኛችን የሆቴሉን በር በሰንሰለት ሲያስር፣ ቁልፉን ደግሞ ለማን እንደሚሰጥ ጠፍቶት መዳፉ ላይ ሲያገላብጠው ነው። መብራቱና ኔትወርኩ ከተመለሱ በኋላ፣ አዲስ አበባ የጉዞ ድርጅት የከፈተች ሰላም የምትባል ልጅ ደወለችልኝ። በደኅናው ጊዜ እንግዶቿን ወደ እኛ ትልክ ስለነበር ታውቀኛለች። «ጋሼ ሲሳይ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የሚጠይቁ ደንበኞች አሉ። እርስዎ ይመልሱልን። ኮምፒውተር እልክልዎታለሁ፣ ከቤትዎ ሆነው ይሥሩ» አለችኝ። «ከቤቴ?» አልኳት። «አዎ፣ አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው» አለች። ላሊበላ ግን ሁሉም እንደዚያ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ባላነሳቸው ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ብርቄ ጠዋት ቅመማ ቅመም ወደምትሸጥበት ሱቋ ስትሄድ እኔ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ አልጋ ላይ ቀርቼ ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ መልእክት እመልስና ዓይኔ ይከደናል። ስነቃ ፀሐይዋ ጣሪያውን አልፋለች። ፊቴን ሳልታጠብ ምሳ ይደርሳል። ጎረቤት «ጋሽ ሲሳይ ቤት ናቸው አይደል?» ብሎ በግ ያስጠብቀኛል፤ አንዱ በር ሲጥል ደግፍ ይለኛል፤ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ለመትከል የሚጠሩት መጀመሪያ እኔን ሆነ። እንቢ እንዳልል ምን ብዬ? ሥራ ላይ ነኝ ልበል፣ በጋቢ? ሰላም በትሕትና «ጋሼ፣ ደንበኞቹ መልስ ዘገየብን ይላሉ» ማለት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ትሕትናው እየቀነሰ፣ ቀኑን ሙሉ ሳትደውል መዋሏ እየበዛ ሄደ። ሌላ ሰው እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ።

በዚህ መሐል ነው እማማ ደብሪቱ አገራቸው ሙጃ ላይ ገብስ ተሸክመው ቁልቁለት ሲወርዱ ወድቀው እግራቸውን የተሰበሩት። ላሊበላ ሆስፒታል ጀሶ አደረጉላቸውና «እስኪፈታ ከዚህ አይራቁ» ተባሉ። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ ሳሎኑና የእኛ መኝታ የሆነችው ጓዳ። በመሐሉ መዝጊያ የለም፣ መጋረጃ ነው ያለው። እሳቸው ሳሎን ተኙ። መኝታ ቤት ለምሠራው ለእኔ መውጫም መግቢያም በእሳቸው ፊት ሆነ።

ያገራችን ሰው ይህን ሲሰማ ይገባዋል። አማትና አማች እኮ ይፈራራሉ። ከብርቄ ጋር ከተጋባን ጀምሮ እማማ ደብሪቱ ፊታቸውን ከነጠላቸው ገልጠው አይተውኝ አያውቁም፤ እኔም ስማቸውን በአፌ ጠርቼ አላውቅም። በእኔ ፊት እህል አይቀምሱም። ዕድሜያቸው ሰባን ቢያልፍም «አንቱ» ይሉኛል፣ ስሜንም «አያ» ሳይሉ አይጠሩም። አሁን ብርቄ ሱቅ ውላ እስክትመጣ እሳቸውና እኔ ብቻችንን ቤት መዋላችን ሆነ። የመጀመሪያው ቀን እኔ ጓዳ ውስጥ ሳል ይዞኝ ትራስ ነከስኩ፤ በፊታቸው ላለማለፍ ሽንቴንም ይዤ ዋልኩ። እሳቸው ውኃ ጠምቷቸው እንስራው አጠገባቸው ሆኖ፣ ሲቀዱ ድምፁን እንዳልሰማባቸው ብለው ሳይጠጡ ዋሉ። ማታ ብርቄ መጥታ ሁለታችንንም ስታይ ራሷን ያዘች። «ሁለት ሙሽራ መሐል ነው እንዴ የገባሁት? አንዱ በውኃ ጥም ሌላው በሽንት ሊሞትብኝ ነው!»

ኀፍረት ነው እንግዲህ ሥርዓት ያስያዘኝ። በማግስቱ እሳቸው ሳይነሱ ተነስቼ ታጠብኩ፣ ያንን ኮት ለበስኩ፣ ከረባቴን አሰርኩ። ሲጸልዩና ጎረቤት መጥታ ስታጥባቸው ቤት እንዳልገኝ ብዬ ወጣሁ። የድሮ መንገዴን ይዤ ዳገቱን እስከ ተዘጋው ሆቴል በር ድረስ ሄድኩና ሰንሰለቱን አይቼ ተመለስኩ። ፀሐይ ግቢውን ስትሞላ በር ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ከውስጥ ነጠላ ሲከናነቡ ተሰማኝ። «እንደምን አደሩ» ብዬ አንገቴን ደፍቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ኮት ለብሶ አልጋ ላይ መጋደም ስለማይቻል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ኮምፒውተሩን የብርቄ ልብስ መስፊያ ጠረጴዛ ላይ አደረግኩ። ቀትር ሲሆን እማማ በምርኩዛቸው ወለሉን ቀስ አድርገው መቱ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ደግመው ሲመቱ ገባኝ። ምሳ ሊበሉ ነው፣ ውጣልኝ ማለታቸው ነው። ወጥቼ ሻይ ቤት ሽሮዬን በላሁ፤ ያኔ ሻይ እንኳ አሥር ብር ገብቷል። ስመለስ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ነጠላው ተከናነበ፣ ገባሁ። ሲመሽ ከረባቴን ፈትቼ «ከሥራ» ወጣሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰውነቴ ለመደው። መልእክት ሳይውል ሳያድር መመለስ ጀመርኩ። በግ የሚያስጠብቅም፣ ድንኳን የሚያስተክልም ቀረ፤ ሰው ሲመጣ እማማ ደብሪቱ ከሳሎን ሆነው «ሥራ ሄደዋል» ይሉልኝ ነበርና። መጀመሪያ ስሰማቸው በመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ልቤ ሞላ። እኚህ ሴት እንደ ዘበኛ በሬን እየጠበቁልኝ ነው፣ ሥራዬን አክብረውልኛል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሰላም ደውላ «ጋሼ ሲሳይ፣ ምን አገኙ? ሌላ ሰው ሆኑ እኮ» አለችኝ። ከፈረንሳይ አንዲት የቡድን መሪ ሰው ይዤ ልመጣ እችላለሁ ብላለች፣ ፊት ለፊት ላናግራችሁ ትላለች፣ እርስዎ በቪዲዮ ያነጋግሯታል አለችኝ። ቀኑ ተቆረጠ። ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ ላሊበላ በእኔ እጅ የሚመጣ የመጀመሪያው ቡድን ሊሆን ነው።

በዚያው በተቆረጠው ቀን የእማማ ታናሽ ወንድም አቶ ደሳለኝ ከሙጃ እህታቸውን ሊጠይቁ መጡ። በብርቄ ዘመዶች ዘንድ ነገር የሚቆርጡ፣ ብርቄን ለእኔ ሲሰጡም የመጨረሻውን ቃል የተናገሩ ሰው ናቸው። ጓዳ ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«አማቻችን የሉም?»

«ሥራ ሄደዋል» አሉ እማማ።

«እንግዲህ ሳላያቸው አልሄድም» አሉና አቶ ደሳለኝ ሶፋው ላይ ሲደላደሉ ተሰማኝ።

ፈረንሳዊቷ የቡድን መሪ ልትደውል ደርሳለች። ብናገር በመጋረጃው ማዶ ያለው ሰው ቃል በቃል ይሰማኛል፤ እማማም በወንድማቸው ፊት ውሸታም ይባላሉ። ባልናገር ቡድኑ ቀረ፣ ሥራዬም አብሮ ቀረ። ዙሪያዬን ስቃኝ የጓዳውን መስኮት አየሁ። በጎረቤታችን በእትዬ ላቀች ግቢ ወዳለው የውኃ ቦኖ ነው የሚከፈተው። ጫማዬን ባደርግ ወለሉ ላይ ይጮኻል ብዬ በካልሲ እየተራመድኩ፣ ኮምፒውተሩን ታቅፌ፣ ከረባቴን እንዳሰርኩ በመስኮቱ ወጣሁ። ለመውጣት አልከበደኝም። ስወርድ ግን የዘለልኩበት ቦታ ጭቃ ነበር፤ በጉልበቴ አረፍኩ።

ቦኖው ላይ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ዞረው አዩኝ። ጄሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ የሚያነሳው ጠፋ። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ለመንኳቸው፤ ግንቡን ተደግፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ፈረንሳዊቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። በፈረንሳይኛ ስለ መንገዱ፣ ስለ ማረፊያው፣ በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጣሪያው ስለሚንጠባጠበው ጠበል አስረዳኋት። ከኋላዬ ሴቶቹ አንድ በአንድ ተጠግተው ስክሪኑን ያያሉ። «እነዚያ እነማን ናቸው?» አለችኝ። «ጎረቤቶቼ ናቸው» አልኳት። እጇን አወዛወዘችላቸው፤ እነሱም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለወሬ የሚሆን ቀልድ ነበር።

ልክ ኮምፒውተሩን ስዘጋ እትዬ ላቀች ከቤታቸው ወጡ። ካልሲዬን አዩ፣ የጉልበቴን ጭቃ አዩ፣ ቀና ብለው የተከፈተውን መስኮት አዩ። «ኧረ በጊዮርጊስ! ጋሽ ሲሳይ ከመስኮት ወደቁ!» ብለው ጮኹ። አልወደቅሁም ብል ማን ይስማኝ። በብብቴ ገብተው ደግፈው፣ ዞረው በዋናው በር አስገቡኝ። «እማማ ደብሪቱ፣ አማችዎ ከመስኮት ወድቀውልዎታል!»

አቶ ደሳለኝ ቆመው ተቀበሉኝ፤ ከወገባቸው ጎንበስ እንዳሉ ዓይናቸው እግሬ ላይ ቀረ። አውራ ጣቴ በካልሲዬ ቀዳዳ ወጥቷል። እኔ የማየው ያንን ጣት ብቻ ነበር። እትዬ ላቀች ነገሩ ሳያምራቸው ቀርቶ ቀስ ብለው ወጡ።

«ከየትኛው መስኮት?» አሉ አቶ ደሳለኝ።

የተናገሩት እማማ ደብሪቱ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ እኔን ሳያዩ፣ «ደሳለኝ፣ ዋሽቼህ ነው። ሥራ አልሄዱም። ጓዳ ነበሩ» አሉ።

«ለምን ትዋሺኛለሽ እትዬ?»

«አፍሬ። የልጅሽ ባል ሥራ ፈቶ ከሴት ጋር ቤት ይውላል እንዳልባል አፍሬ። ለመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የምለው።»

የማልረሳው ይህን ነው። ጭቃውም፣ ቦኖው ላይ የተሳቀብኝም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ያ ሁሉ ሳምንት በሬን የሚጠብቁልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየደበቁኝ ኖሯል። እዚያው ሳሎኔ መሐል፣ በሠርጌ ኮት፣ በካልሲ ቆሜ ምድር ብትከፈትልኝ ምንኛ በወደድኩ።

አቶ ደሳለኝ ተመልሰው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ተራ ጠያቂ ቀስ ብለው «ታዲያ እዚያ ውስጥ ምን ሲያደርጉ ይውላሉ?» አሉ።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ እማማ። «ቋንቋው አይገባኝም። ግን ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ነው የሚውሉ። ሲለምኑ፣ ሲያስረዱ፣ ሲስቁ እሰማለሁ። ማታ ሲወጡ ፊታቸው የደከመ ሰው ፊት ነው። እሱን አይቻለሁ።» ፊቴን ማየታቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ አልተነሳሁም። ሆዴን አሞኛል ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ግድግዳው ላይ አፈጠጥኩ። እማማም ምሳቸውን አልነኩም። ብርቄ ማታ ገብታ የሁለታችንንም ሰማች። እኔን ብቻ ነው የተናገረችኝ። «እናቴ አንተን ያስከፋች መስሏት ስታለቅስ ነው የዋለችው። ብትናደድ ንገራት፣ ካልተናደድክ ተነስ» አለችኝ። አልተናደድኩም ነበር። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እደብቀው ነበር፤ ራሴን ስንት ወር ደብቄው የለ? ይህን ግን ለእሷም መናገር አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ የመጋረጃው መቃን በምርኩዝ ተመታ። «አያ ሲሳይ፣ ረፍዷል» አሉ እማማ ደብሪቱ። ከአፋቸው ወደ እኔ ቀጥታ የወጣ ትእዛዝ የመጀመሪያው ነበር። እንደ ተማሪ ዘልዬ ተነሳሁ። ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ዳገቱን ወጥቼ ተመለስኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ረፋዱ ላይ የዕድሩ ጸሐፊ መጥቶ ሲጠይቅ ሰማሁ። «ጓዳ ናቸው። ሥራ ላይ ናቸው» አሉት። ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ሰውየውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሄደ። ፈረንሳዮቹ ጥቅምት ላይ መጡ። ቡድኑ ትንሽ ነበር፣ ግን መጣ።

ጀሶው ተፈቶ ወደ ሙጃ የሄዱ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ በኩል ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ፊታቸው ከጠበቅሁት ያነሰ፣ ጠይምና ሹል ነበር፤ ብርቄን ይመስላል። «ሥራዎን እንዳይተዉ» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኩ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ከሄዱ በኋላ ቤቱ ሰፋኝ። ሳሎን ውስጥ የማፍረው ሰው አልነበረም። ለጥቂት ሳምንት እንደለመድኩት ቀጠልኩ፤ ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ነበርና አልወጣሁም፤ ሌላ ቀን ከረባቱን ተውኩት፤ ሌላ ቀን ኮቱን። ሥራው አልተቋረጠም፣ ሰላምም አላባረረችኝም፣ ግን ወደ ጋቢዬ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሲገባ እማማ ደብሪቱ ሙጃ ላይ አረፉ። ለቀብር ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ አቶ ደሳለኝ ከወንዶቹ መሐል ጎናቸው አስቀመጡኝና ስለ እህታቸው የመጨረሻ ወራት አጫወቱኝ። እግራቸው ዳግመኛ ስላልጠናላቸው ከደጃፍ አይርቁም ነበር። ጠዋት ታጥበው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ፀሐይ ወደሚያርፍበት ወደ በሩ ያወጧቸዋል።

«እዚያ ተቀምጣ» አሉ አቶ ደሳለኝ፣ «ፀሐይዋ ግቢውን ስትሞላ ‹አያ ሲሳይ አሁን ሥራ ገቡ› ትለን ነበር። ቀትር ሲሆን ‹አሁን ለምሳ ወጡ› ትላለች፤ ያኔ ነው እህል የምትቀምስ። ሲመሽ ደግሞ ‹አሁን ጨረሱ፣ ደክሟቸዋል› ትልና ወደ ቤት አስገቡኝ ትላለች። በየቀኑ ነው፣ እሑድና በዓል ሲቀር። ልጆቹ ይስቁባት ነበር።»

እማማ ሙጃ ሆነው ፀሐይዋ ግቢውን ስትሞላ ሥራ ሲያስገቡኝ እኔ የት እንደነበርኩ ዓይኔ ላይ መጣ። ጋቢውን ሳይቀር አየሁት።

«ልክ ነበረች ወይ?» አሉ አቶ ደሳለኝ። «ሰዓቱን ማለቴ ነው።»

«ልክ ነበሩ» አልኩ። የድንኳኑን መሬት እያየሁ።